ለሩጫ እቁብ እንጣል

[ምስል፦ ማለዳ፣ ታቦር ተራራ ሥር። አንድ ልጅ ስልኩን እያየ ብቻውን ቆሟል።]

ተራኪ፦ ሐዋሳ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ 12 ሰዓት። ትናንት ማታ "ነገ ታቦርን እንወጣለን" ብለው የተማማሉት አራት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። የመጣው አንዱ ነው። ሦስቱ አላርማቸውን አጥፍተው ተኝተዋል።

እነዚሁ ልጆች ግን እቁብ ቢኖራቸው ተበድረውም ቢሆን ይጥላሉ። እቁብ ውስጥ ብርም አለ፣ ይሉኝታም አለ።

[ምስል፦ እየቀነሰ የሚሄድ የብር ክምር]

ብሩን እንየው። አሜሪካ ውስጥ ክብደታቸው የጨመረ ሠራተኞች በቀን 7,000 እርምጃ እንዲራመዱ ተጠየቁ። አንዱ ቡድን በተራመደ ቀን 1.40 ዶላር ያገኛል። ሌላው በወሩ መጀመሪያ 42 ዶላር ይያዝለትና ባልተራመደ ቀን 1.40 ይቀነስበታል። ሒሳቡ ያው ነው አይደል? ግን ምንም የማይከፈላቸው ከ100 ቀን 30ውን ሲራመዱ፣ የሚሸለሙት 35ቱን፣ የሚቀነስባቸው 45ቱን ተራመዱ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

እንግዲህ ልጆቹ ለወር 240፣ 240 ብር ያስቀምጡ። ሰብሳቢም ይምረጡ፤ ፊቱ የማይፈታ ቢሆን ይመረጣል። ሩጫው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። የቀረ 20 ብር ይቆረጥበታል፣ የተቆረጠው ለመጡት ይከፋፈላል። "ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንብላበት" የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም፤ የቀረውም አብሮ ይበላላ!

[ምስል፦ ብርድ ልብስ የተከናነበ ልጅ]

ችግሩ ብር ብቻውን ሲሆን ነው። እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ፣ መዋዕለ ሕፃናት ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚያረፍዱ ወላጆች ላይ ትንሽ ቅጣት ጣሉ። አርፋጁ ጭራሽ በዛ። ድሮ አስተማሪዋን ያፍሩ ነበር፣ አሁን ከፍለው ተገላገሉ። የኛም ልጅ "በቃ 20 ብሬን ውሰዱ" ብሎ ይገለበጣል።

ስለዚህ ቀጠሮው ተራራው ሥር አይሁን፣ እየዞሩ በር ማንኳኳት ይሻላል። ልጆቹ የተከራዩት አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆነ አይከብድም። የቀረ ሰው ምክንያቱን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ በራሱ ድምፅ ይናገር፤ ትንሽ ሙድ ቢያዝበት አይሞትም። የታመመ ግን አይቆረጥበት። ፈተና ሲደርስም እቁቡ ይረፍ፣ አለዚያ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል።

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል። ስልኩ ላይ 11፡40 ይላል።]

ድምፅ፦ ኳ ኳ ኳ! "አንተ፣ ተነስ! ሰብሳቢው ውጭ ቆሟል።"