የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ናፖሊዮን ኬንታኪ ምን አገባው?

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ትጫወታለች። ዘንድሮ የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የአሮን ኮፕላንድን «ሆዳውን» እየተለማመዱ ነው። አስተማሪዋ «ዜማው የድሮ የሕዝብ ዜማ ነው» ብሏት ኖሮ፣ ማታ መጥታ «የሕዝብ ማለት የማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ልጅዎ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳችው። መልሱም አለ። ዜማው «የቦናፓርት ማፈግፈግ» ይባላል፤ ቦናፓርት የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ነው። ደራሲው ይህ ነው የሚባል ሰው የለም፤ በምሥራቅ አሜሪካ በአፓላሽያ ተራሮችና በአካባቢው ብዙ ቫዮሊን መቺዎች ከአባት ከአጎት እየሰሙ ይዘውት የኖሩ ነው። ልጅዎ የምትለማመደው አመታት ግን የአንድ ሰው ነው፤ እሱም ዊልያም ሃሚልተን ስቴፕ ይባላል፣ የአሜሪካዋ ግዛት የኬንታኪ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1937 አለን ሎማክስና ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ዜማ እየቀረጹ ኬንታኪን ሲዞሩ ሳልየርስቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ ደረሱ። እዚያ ስቴፕ ቫዮሊኑን አንስቶ መታላቸው። ቀረጻው ዋሽንግተን ገባ። ከዚያ ሩት ክሮፎርድ ሲገር የምትባል የሙዚቃ ደራሲ ሸክላውን ደጋግማ እያዳመጠች እያንዳንዷን ድምፅ ወደ ኖታ ገለበጠችው፤ ኖታውም አለን ሎማክስና አባቱ በ1941 ባሳተሙት የሕዝብ ዘፈን መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ኮፕላንድ በ1942 «ሮዴዮ» ለተባለው የባሌት ዳንስ ትርኢት ሙዚቃ ሲጽፍ ያነሳው ይህንኑ ኖታ ነው፤ «ሆዳውን» የዚያው ትርኢት ክፍል ነው።

የስቴፕ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ካላችሁ፣ ፍጥነቱ ነው። የሌሎቹ አብዛኞቹ ይህን ዜማ የሚመቱት ቀስ ብለው፣ በወታደር እርምጃ ነው። ስቴፕ አስጋለበው። «ሆዳውን»ም ይጋልባል። በየመሃሉ ያሉት ጥቃቅን መዞሪያዎች ሳይቀሩ አንድ ናቸው። ኮፕላንድ ኦርኬስትራውን አለበሰው እንጂ ዜማውን እንዳለ ነው የወሰደው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ለልጅዎ «የሕዝብ ነው፤ ግን በስቴፕ እጅ ያለፈ» ይበሏት። አስተማሪዋም ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፦ ናፖሊዮን ኬንታኪ ምን አገባው? ስሙ እንዴት እዚያ ድረስ ሄደ?

እሱ አልሄደም፤ ስሙን የወሰዱት ስደተኞች ናቸው። በአየርላንድና በስኮትላንድ በናፖሊዮን ስም የሚጠሩ ዜማዎች ብዙ ናቸው። በተለይ አይሪሾች ለእሱ ልባቸው ሳስቶ ነበር፤ ከእንግሊዝ ነፃ ያወጣናል ብለው የጠበቁት ጥቂት አልነበሩም። የፈረንሳይ ጦር በ1798 አየርላንድ ገብቶ አብሯቸው ተዋግቶም ነበር። ናፖሊዮን ሲሸነፍ ታዲያ ሐዘኑ ዜማ ሆነ። «የቦናፓርት ማፈግፈግ»ን ራሱን «የንስር ፉጨት» ከሚባል የአየርላንድ የድሮ የሰልፍ ዜማ ጋር የሚያዛምዱ አጥኚዎች አሉ፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ዝምድናውን አያጣውም።

አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ርእሱ ከታሪክ መጽሐፍ ጋር አይጣላም አይስማማም። ቫዮሊን መቺዎቹ «ቦናፓርት ሮኪ ተራሮችን ሲሻገር» የሚል ዜማም አላቸው! ሰውዬው አሜሪካን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ስለዚህ ከርእስ ተነስቶ «ዜማው በ1812 ከሞስኮ ሽሽት ማግስት ተደረሰ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቀስ በሉ። ርእስ ከዜማ ዜማ ይዘላል።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦ ማሲንቆም ቫዮሊንም እሞክራለሁ። የስቴፕን ቀረጻ ሰምቼ ለመምታት ብሞክር ድምፁ አልመጣልኝም። ምን ጎደለኝ?

ቅኝቱ ነው የጎደለዎት። ቫዮሊን እንደወትሮው ከወፍራሙ ክር ሲጀመር ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል። ለዚህ ዜማ ግን ወፍራሙን ክር ወደ ሬ ያወርዱታል፣ ቀጭኑን ሚ ደግሞ ወደ ሬ ያላሉታል። ሬ፣ ሬ፣ ላ፣ ሬ ይሆናል ማለት ነው። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ ክሩ እንደሚቃና፣ እነሱም ዜማ በዜማ ቅኝት ይቀይራሉ።

የላላው ወፍራም ክር ከሥር ሳይቋረጥ ሲጮህ ባግፓይፕ የሚባለውን ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ ይመስላል፤ የጦር ሜዳ ስሜቱን የሚያመጣው እሱ ነው። ደጋኑን በአንድ ክር ላይ ብቻ አይጎትቱ፣ ጎረቤቱን ክር አብሮ ይንካ። የማሲንቆ ልማድ እዚህ ላይ ሳያስቸግርዎት አይቀርም፤ አንድ ክር ብቻ ነዋ ያላት። ወፍራሙን ክር ሲያወርዱ ደግሞ ቀስ በቀስ ያድርጉት፣ ሌሎቹ ከቅኝት ስለሚወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ መመለስ ይኖርብዎታል።

ስሙን ካልገለጸ አድማጭ፦ «ፊድል» እና ቫዮሊን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መሣሪያው አንድ ነው። ልዩነቱ አመታቱና የሚመታው ዜማ ነው። አንዳንድ የገጠር መቺዎች ሁለት ክር አብሮ ለመንካት እንዲመቻቸው ክሮቹን የሚሸከመውን እንጨት ጠፍጠፍ ያደርጉታል። ጅራቱ ሲነቃነቅ የሚንሿሿ እባብ አለ፤ የዚያን ጅራት ጫፍ ቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ ድምፅ ያሳምራል ይላሉ።

ከአዲስ አበባ፣ ፒያሳ፦ ይህን ዜማ ዘፈን ሆኖ፣ ሴት ስትዘፍነው የሰማሁ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

አልተሳሳቱም። ፒ ዊ ኪንግ የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ግጥም አስገብቶለት ዘፋኟ ኬይ ስታር በ1950 ዘፍናዋለች፤ በጣም ተሰምቷል። የፍቅር ግጥም ነው፣ ከጦርነቱ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ያለ ግጥም የተቀረጸውን ከፈለጉ ደግሞ የጆርጂያ ግዛቱ ቫዮሊን መቺ ኤ. ኤ. ግሬይ ከስቴፕ 13 ዓመት ቀድሞ፣ በ1924 በሸክላ አስቀርጾታል። መጀመሪያ ግሬይን፣ ቀጥሎ ስቴፕን፣ ከዚያ «ሆዳውን»ን ያዳምጡ። ኬይ ስታርን ለመጨረሻ ያቆዩልኝ።