ነጩን ቅርፊት አትፈግፍጉት፣ አሟሙት

ጤና ይስጥልኝ፣ ተመልካቾቼ! የማንቆርቆሪያችሁን ክዳን ክፈቱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ታች የተጋገረው ሸካራ ነጭ ነገር እድፍ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። አዎ፣ ድንጋይ!

ዋሻ ውስጥ ከጣሪያ ቁልቁል የተንጠለጠሉ የድንጋይ ዘንጎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ ካልሲየም አሟሙቶ ይሸከማል። የዋሻው ጣሪያ ላይ ደርሶ ጠብ ሊል ሲል ካልሲየሙን አሟሙቶ የያዘለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያመልጠዋል፤ ያን ጊዜ ሸክሙን መያዝ አይችልምና እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ጠብታ በጠብታ፣ ዘመን በዘመን ድንጋዩ ይረዝማል። ማንቆርቆሪያችሁም ትንሽ ዋሻ ነው! እንዲያውም ከዋሻው ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ጋዙን ያባርርለታላ። የሻወሩ አንዲት ቀዳዳ ውሃውን ወደ ጎን፣ ወደ ግድግዳው መርጨት ከጀመረች ዋሻው እዚያም ገብቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ነገር ተናግሬ አልጠግብም።

መፍትሔው አጭር ነው። ይህ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ በአሲድ ይሟሟል። ማንቆርቆሪያውን ኮምጣጤና ውሃ እኩል አድርጋችሁ ሙሉት፣ አሙቁት፣ ተዉት፣ አለቅልቁት። ለቧንቧ አፍ ደግሞ ኮምጣጤ የጠጣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አቆዩት። እኔ ስለማይሸት ሲትሪክ አሲድን፣ ሎሚ ውስጥ ያለውን አሲድ፣ እመርጣለሁ። አረፋ ሲወጣ ካያችሁ ድንጋዩ እየለቀቀ ነው። ሥራው የአሲዱና የጊዜው ነው፤ ክንዳችሁን አሳርፉ።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁኝ ነገር ልምጣ፦ «በረኪና አይሻልም?» አይሻልም! በረኪና ቀለም ያነጣል እንጂ ድንጋይ አያሟሟም። ነጭ ቅርፊት ላይ ብታፈሱት የበለጠ የነጣ ቅርፊት ታገኛላችሁ፣ በቃ። ቡናማ የዝገት እድፍ ላይማ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ብረቱን ይበልጥ ያዝገዋልና። ለዝገትም ሲትሪክ አሲድ ነው የሚበጀው። «ሁለቱን ብቀላቅልስ?» የሚሉም አሉ። እባካችሁ፣ በፍጹም! በረኪናና ኮምጣጤ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ በሩም ይዘጋል። ይህን ክፍል ለእናቶቻችሁ ላኩላቸው፣ ቻናሉንም ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ብዙ ቤት እንዲደርስ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ኮምጣጤው ቅርፊቱን ከወለሉ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይበላል። እብነ በረድ ላይ አሲድ አታድርጉ፤ ውሃው ሳይደርቅ በጨርቅ አድርቁት።