የአሜሪካ አቡጀዲ በሐረር ገበያ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? የምናገረው እንደ ወትሮው ከድሬዳዋ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ስለሚያስገባ ለቀረጻ የሚመች ጸጥታ የሚገኘው በዚህ ሰዓት ነው። ባጃጅ ቢያልፍ ግን ታገሡኝ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ጥጥና ስለ ትምባሆ፣ ማለትም ለጎተራ ሳይሆን ለገበያ ተብለው ስለሚዘሩ ሁለት ተክሎች ነው። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐረር ገብቶ ነበር። ስለ ከተማዋና ስለ ሰዎቿ የጻፈው አብዛኛው ነገር ንቀት የሞላበት ነው፤ ስለዚህ አልወደውም። ይሁን እንጂ የንግድ ዝርዝሯን አስቀምጦልናል። ከሐረር የሚወጣው ባሪያ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ትምባሆ፣ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ልብስ፣ በቅሎ፣ ቅቤ፣ ማር ነው። ወደ ሐረር የሚገባው ደግሞ የአሜሪካ አቡጀዲ፣ ዶቃ፣ ተምር፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ባሩድ፣ ወረቀት ነው።

አሁን ልብ በሉ። የሐረር ሸማ በውበትም ሆነ በጥንካሬ የአውሮፓን የፋብሪካ ጨርቅ እንደሚያስንቅ የመሰከረው ያው በርተን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሸማኔ ያላት ከተማ ከአሜሪካ ድረስ የመጣ ጨርቅ ለምን ትገዛለች? መልሱ አጭር ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሐረር ድረስ በግመል ተጭኖ እንኳ እንዴት ርካሽ ሊሆን ቻለ የሚለው ግን ረዘም ያለ መልስ አለው።

ጥጥን የሚያውቅ ሰው ከባዱ ሥራ ፍሬውን ከጭረቱ፣ ማለትም ክር ከሚሆነው ነጭ ክፍል፣ መለየት መሆኑን ያውቃል። አያቴ መዳመጫ ነበራት። ጠፍጣፋ ድንጋይና ቀጭን የብረት ዘንግ፤ ሌላ ነገር የለውም። ጥጡን ድንጋዩ ላይ ታደርግና ዘንጉን በመዳፏ ትገፋዋለች፤ ፍሬው ከፊት ለፊት ተፈናጥሮ ይወድቃል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማባዘቱ ይመጣል፤ ከዚያም እንዝርትና ልቃቂት። ጠዋት የጀመረችው እስከ ማታ አንዲት ትንሽ ሰፌድ አይሞላም ነበር። እኛ ልጆቹ የተፈናጠረውን ፍሬ እየለቀምን እንጫወትበታለን፤ እሷ ወገቧን ይዛ ትነሣለች።

በአሜሪካም ችግሩ ይኸው ነበር። እዚያ በብዛት የሚበቅለውን አጭር ጭረት ያለውን ጥጥ አንድ ሰው በእጁ ሲያጠራ ቢውል ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ እምብዛም አያልፍም። በ1793 ኢላይ ዊትኒ የሠራው በእጅ የሚዞር መዳመጫ ግን በቀን 50 ፓውንድ ያህል ያወጣ ነበር። ሥራ ሲቀል ባሪያውም ያርፋል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መዳመጡ ሲቀል ማሳው ሰፋ፤ ማሳው ሲሰፋ የሚዘራና የሚለቅም ሰው ተፈለገ። በ1790 በአሜሪካ 700 ሺህ ያህል የነበረው የባሪያዎች ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። ሐረር ገበያ ላይ አቡጀዲው የረከሰው ለቃሚው ደመወዝ ስለሌለው ነው።

ደግሞ እኛም በእነሱ ለመፍረድ አንቸኩል። ከሐረር በሚወጣው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው ምን እንደነበር ሰምታችኋል።

ወደ ትምባሆ ልለፍ። ስለ እሱ ብዙ አልቆይም፤ እውነቱን ለመናገር ከጥጥ ያነሰ ይስበኛል። ቨርጂኒያ የሚባለው የእንግሊዝ ሰፈር ሊበተን ሲል ያዳነው ጆን ሮልፍ ከ1612 ጀምሮ የዘራው ትምባሆ ነው። በኋላም እዚያ ዕዳና ግብር የሚከፈለው በትምባሆ ሆነ። የእንግሊዙ ንጉሥ አንደኛ ጀምስ ትምባሆን እንደ ጠላት ይጠላው ነበር፤ በ1604 ቀረጡን ሰማይ ሰቀለው፤ ቆይቶ ግን ራሱ በትምባሆው ንግድ ላይ ሞኖፖል፣ ማለትም ብቻውን የመነገድ መብት፣ ያዘ። ወደ እኛ ስንመጣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በአዋጅ ከልክለው እንደነበር ይታወቃል። በ1942 ደግሞ መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል አቋቋመ። በ2016 ጃፓን ቶባኮ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ነገሥታት ትምባሆን ይረግሙታል፤ ግምጃ ቤታቸው ግን ይወደዋል። ቅጠሉን ለቅሞ ያደረቀው ገበሬ ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ምን ያህሉ እንደሚደርሰው እናንተው ገምቱ።

አሁን እኔን እንቅልፍ ወደሚነሣኝ ታሪክ ልመለስ። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ የሰሜኑ መርከቦች የደቡቡን ወደቦች ዘጉ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ ላንካሻየር ውስጥ ሠራተኛው ጦሙን አደረ። በዚህ ጊዜ ጥጥ ከነበራቸው አገሮች አንዷ ግብፅ ነበረች። ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆነ። በ1863 ሥልጣን የያዘው ኢስማኤል ፓሻ ይህ ዋጋ የማይወርድ መስሎት ቤተ መንግሥት ሠራ፣ ባቡር ዘረጋ፣ ጦር አደራጀ፣ ተበደረ። በ1865 ጦርነቱ ቆመ፤ የአሜሪካ ጥጥ ተመለሰ፤ ዋጋው ወረደ። ብድሩ ግን አልቆመም፤ በመጨረሻ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ።

በጥቅምት 1875 የዚህ ሰው ጦር በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረር ገባ። አሚር ሙሐመድ ተገደሉ። በኅዳር፣ ማለትም በሚቀጥለው ወር፣ ኢስማኤል የስዊዝ ካናል ድርሻውን ለእንግሊዝ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። በ1876 ዕዳውን መክፈል አቃተው። በ1882 እንግሊዝ ግብፅን ያዘች፤ በ1885 የግብፅ ጦር ሐረርን ለቆ ወጣ። ጁገልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረችውን የሐረር ከተማ፣ ለዐሥር ዓመት የያዘው ጦር የተደራጀው በጥጥ ገንዘብና በጥጥ ተስፋ በተወሰደ ብድር ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ የቀይ ባሕር ንግድ ነበር፣ የአባይ ሕልም ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ያ ጦርነት ባይነሣ ኖሮ ኢስማኤል ያን ያህል አበዳሪ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። የሐረር ሰው ደግሞ ስለዚያ ጦርነት ሰምቶም ላያውቅ ይችላል።

የእኛዋ ድሬ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1902 ሲደርስ ተወለደች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ትልልቆቹ ሲያነሡት ድምፃቸው ይለወጣል። የፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር፤ አባቴ ይህን የሚያወራው ራሱ ጎል ያገባ ይመስል ነው። ደስታውን አልነፍገውም። የአገራችን ጥጥ የሰፋበትን የአዋሽን ሸለቆ ግን አብረን እናንሣ። በ1961 ተንዳሆ ላይ ሚቸል ኮትስ ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። የተያዘው መሬት የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ መሄጃ አጣ።

ያለፈውን እያነሣሁ የዛሬውን ብዘል ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። አወዳይ አጠገብ የሚያርስ አጎት አለኝ። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው እሱ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው ስለ ሱስ የምሰብክ መስሎት ተቆጣ። ሲበርድለት አስረዳኝ፤ ቡና በዓመት አንዴ ነው፣ ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። በ1989 ለንደን ላይ የቡና ኮታ ስምምነት፣ ማለትም አገሮች ለገበያ የሚያወጡትን ቡና መጠን የሚወስነው ውል፣ ሲፈርስ የዓለም ዋጋ በግማሽ ያህል መውረዱን እኔ ነገርኩት፤ ስምምነቱን አያውቀውም፣ ዋጋውን ግን ያስታውሰዋል። በ2014 እንግሊዝ ጫት ስትከለክልም እንዲሁ በደላላ ስልክ ነው የሰማው። የጅቡቲ ወይም የሐርጌሳ መንገድ አንድ ቀን ከተዘጋ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ጭነቱ ያን ዕለት ከሳር አይሻልም።

ስለዚህ በጫቱ ረድፎች መካከል ማሽላ ይዘራል። የሐረርጌ ገበሬ የቆየ ብልሃት ነው፤ ገበያው ቢከዳው ቤቱ አይራብም። ባለፈው ክረምት ስሄድ ግን የጫቱ ረድፍ ተጠጋግቶ ማሽላው ሳስቶ አየሁት። ለምን እንዳሳሳው ጠየቅሁት። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ነገረኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዝግጅት ማይክሮፎኑን ይዤ አወዳይ እወርዳለሁ፤ እሺ ካለኝ እሱ ራሱ ያወራችኋል። ደህና ሁኑ።