ሦስተኛው ወር ላይ ኑ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዬ ከስትሮክ በኋላ ስለሚመጣው የሆድ መባስ ነው። ስለ እግርና ስለ እጅ ብዙ እንሰማለን። ፊዚዮቴራፒው፣ የግፊት መድኃኒቱ፣ ጨው መቀነሱ ሁሉ ይነገረናል። ስለ ሆዱ ግን ማን ያወራል?

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፤ አንደበቱም ተያዘ። ዕድሜ ልኩን መቀስ የያዘ እጅ ማንኪያ አልይዝ አለ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ደግሞ ለቅሶ ጀመረ። ጎረቤት "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ሲለው ዕንባው ዱብ ዱብ ይላል። አንዳንዴ ምንም የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ይስቃል። እኛ ግራ ገባን። ሐኪሙ ነው ያስረዳን፦ ስትሮኩ ለቅሶና ሳቅን የሚቆጣጠረውን የአንጎል መስመር ሲጎዳው፣ ሰው ሳያዝንም ሊያለቅስ ይችላል። ያኔ ከብቦ "አይዞህ፣ አይዞህ" ማለት ያብስበታል። ወሬ ቀየር ማድረግ ይሻላል።

ድባቴ ግን ሌላ ነው። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ከ3ቱ አንዱን ያህል ይይዛል። አባቴ ምግብ ዘጋው። ሌሊቱን አይኑን አፍጥጦ ያነጋል። ስፖርት ሊያሠሩት ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። "ተመስገን በል እንጂ! ስንቱ ሞቷል" የሚሉት ነበሩ። እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። ድባቴ የምስጋና ማነስ አይደለም፤ ሕመም ነው፤ ይታከማል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ በመሀል ተስፋ ቆርጦ ማቆም የለም። ጸበሉንም አልተውን፣ ኪኒኑንም አላቋረጥን።

አሁን ስለ ጠያቂ ላውራ። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ሰው በሰው ነው። ብርቱካንና ሙዙ ጠረጴዛ ሞልቶ ይተርፋል። ግን አባቴ ፊታቸው ተቀምጦ እናቴን "ትንሽ ተሻለው?" ይሏታል። እሱ ሁሉንም ይሰማል! አንደበት ተያዘ ማለት አእምሮ ተያዘ ማለት አይደለም። እሱኑ ጠይቁት። "አዎ" ወይም "አይ" ብሎ የሚመልሰውን ጠይቁትና ጠብቁት።

ሦስተኛው ወር ላይ ማንም የለም። ሐዘኑ የሚከብደው ደግሞ ያኔ ነው፤ ሰውየው እጁ ቶሎ እንደማይመለስ የሚገባው ያኔ ነዋ።

አንድ የሙያ ጓደኛው ግን አልቀረም። ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። "እስቲ ይሄ ንጹሕ ሱፍ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ እውነት ነው?" ይለዋል። አባቴ በግራ አውራ ጣቱ ያሸዋል። ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ያያል። ከዚያ በኃይል ራሱን ይነቀንቃል፤ አይደለም! በዚያ ቀን እራቱን ይበላል።

እናቴም እሱ ሲመጣ ነው ነጠላዋን ደርባ ከቤት የምትወጣው። አስታማሚም ይደክማል፣ እሱም ሆድ ይብሰዋል። እና የምታውቁት የታመመ ሰው ካለ፣ ሂዱ። ብርቱካኑ ይቅር። ከሰዓቱን አብራችሁት ተቀመጡና አስታማሚዋን "ሂጂ፣ ትንሽ ተኚ" በሏት። ሳምንት እንገናኝ።