አሳዳጊ የበደለው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔ ኩሽና ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ለዚህ ነው።

ከአንድ ስድብ ልጀምር። «አሳዳጊ የበደለው»። ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን አስተውላችሁታል? ስድቡ ልጁ ላይ አያርፍም። ልጁማ ተበዳይ ነው። በዳዩ ያሳደገው ሰው ነው።

እኔ ይህን ቃል እሁድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ላይ፣ ከጀርባዬ ሰማሁት። ልጄ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር። ሦስት ጊዜ ከእጄ አምልጦ ሮጧል። በአራተኛው የአንዲት እናት ነጠላ ረግጦ ከትከሻቸው አወረደባቸው። እሳቸው ምንም አላሉም። ከኋላቸው የነበረ ሰው ነው ቀስ ብሎ ያለው። ዞሬ አላየሁም። ልጄን ይዤ ወጣሁና መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ስድቡ አይደለም ያስለቀሰኝ። እውነት መስሎኝ ነው።

ከዚያ ጠበቅ አደረግኩ። ታብሌት ደበቅኩ፣ ጮህኩ፣ ሁለት ጊዜም መታሁት። ይህን ስናገር ይከብደኛል፣ ግን ከደበቅኩት ማውራቴ ምን ዋጋ አለው። ስኳርም ከቤት አጠፋሁ። የስኳሩ ነገር ተጠንቶ ያለቀ ነው፤ በፈረንጆቹ 1995 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደማይለውጥ አሳይቷል። እኔ ቤትም የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ክፍሉ ስገባ፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ይቅርታ እማ» ማለት ጀመረ። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ።

ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። «ጫማህን አድርግ» እለዋለሁ። እሺ ብሎ ይሄዳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስመጣ አንዱን እግር አድርጎ፣ ሌላውን ጫማ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የማሰሪያው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በጥርሱ እያላቀቀ ነው። ፊቱን ብታዩት ጥጋብ የለበትም። እልህም የለበትም። ቀልቡ ሄዷል፣ በቃ።

መጨረሻ ላይ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ኤዲኤችዲ ተባለ፤ ልጁ ትኩረቱን መሰብሰብና ተረጋግቶ መቀመጥ የሚከብደው የአንጎል ዕድገት ችግር ነው። እንዲሁ አይቶ አይደለም የሚባለው፤ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለባቸው፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየት አለባቸው፣ አስተማሪዋም ቅጽ ሞልታ ላከች። ሐኪሟ «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ።

ማታ አዲስ አበባ ለእማዬ ደወልኩ። ነገሩን ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «አባትሽስ?» አለችኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እግሩ የማያርፍ ሰው ነበር። የፈታው ሬዲዮ ሳይገጠም ዓመት ጠረጴዛ ላይ ይከርም ነበር። ለከሰል ተልኮ ዶሮ ገዝቶ ይመጣል። ቄስ ትምህርት ቤት ሲማር የኔታ በየቀኑ በአለንጋ ይገርፉት እንደነበር እማዬ ነገረችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቀዥቃዣው ነው የሚለው። ታዲያ አያቴ እንደ ወታደር የምታሳድግ ሴት ነበረች። ያ ሁሉ አለንጋ ምን አደረገለት?

ዘር ነው እንግዲህ። በመንታ ልጆች ላይ የተሠሩት ጥናቶች በልጆች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከመቶ 70 እስከ 80 እጁን ለዘር ይሰጡታል። ቁመት እንደሚወረሰው ያህል በሉት። ብቻውን ይህን የሚያመጣ አንድ ጂን፣ ማለት ከወላጅ ባሕርይ የሚያወርስ ቅንጣት፣ የለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ሲታዩም ነገሩ በብዛት የሚገኘው በወለዷቸው እንጂ ባሳደጓቸው ወላጆች ላይ አይደለም። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በጣም አንሶ መወለድ፣ በልጅነት እርሳስ ለሚባለው መርዛማ ብረት መጋለጥም ዕድሉን ይጨምራሉ። በፈረንጆቹ 2007 የአንጎል ምስል ያነሱ ተመራማሪዎች ደግሞ የእነዚህ ልጆች የአንጎል ውጫዊ ክፍል በሦስት ዓመት ገደማ ዘግይቶ እንደሚበስል አገኙ። የ7 ዓመት ልጄን እንደ 7 ዓመት ልጅ ቁጭ በል ስለው የነበረው ይኼ ነው።

አንድ ጥናት ግን ከሁሉም በላይ ነክቶኛል። በፈረንጆቹ 1979 ራስል ባርክሌይና ቻርልስ ከኒንግሃም የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ቀዥቃዣ ልጆች ያሏቸውን እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ተመለከቱ። እናቶቹ ያዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይጎተጉታሉ። ያያቸው ሰው በቃ፣ ልጁን ያበላሸችው እሷ ናት ይላል። ከዚያ ልጆቹ መድኃኒት ሲወስዱ መታዘዝ ጀመሩ። እናቶቹስ? እነሱም ለዘብ አሉ፤ ትዕዛዙ ቀነሰ፣ ፍቅሩ ጨመረ። ማንም አላስተማራቸውም። ቁጣው የልጁን ጠባይ ተከትሎ የመጣ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ መኪና ውስጥ የነበረችውን ያቺን እኔን አሰብኳት።

አስተዳደግ ምንም አይደለም እያልኩ ግን አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ሩማንያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ማሳደጊያ ተጥለው፣ የሚያቅፋቸው እንኳ ያጡ ሕፃናት ላይ ይኼው ችግር በርትቶ ታይቷል። እሱ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ ቲቪ ከማየት ጋር አይወዳደርም። እኛ ቤት አስተዳደግ የሚወስነው ልጁ ይህን ተሸክሞ እንዴት እንደሚኖር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከመድኃኒት በፊት ወላጅ ይሠልጥን ይላል። ወላጁ ስላጠፋ አይደለም፤ ልጁ የሚሰማው ከሌላው ልጅ የተለየ መንገድ ስለሚፈልግ ነው። እኔ አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፣ ተንበርክኬ፣ ዓይኑን እያየሁ። «ግራ ጫማ»። ሲያደርገው እዚያው አመሰግነዋለሁ። ከዚያ «ቀኝ»። አንዳንድ ቀን ይሠራል። አንዳንድ ቀን እጮሃለሁ፣ ከዚያ ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ አያቱ ነገርኩት። ሬዲዮውን፣ ዶሮውን። ዶሮዋ ጋ ሲደርስ ሳቀ። ከዚያ አለንጋውን ነገርኩት። ብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቱ እየጠቀለለ ትንሽ ዝም አለ።

«ሲመቱት ማን አባበለው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ነገ ለእማዬ እንደውልና አብረን እንጠይቃታለን።