ካሳ የሚወሰነው ውል በተፈረመ ቀን ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የመድን ነገር ሲነሳ «ሲሸጡልህ ይለማመጡሃል፣ ካሳ ስትጠይቅ ይሸሹሃል» የሚል ሮሮ አይጠፋም። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ካሳ የሚቀነስበት ወይም የሚከለከልበት ምክንያት ከአደጋው አስቀድሞ፣ ውሉ በተፈረመ ቀን የተቀመጠ ነው።

ከሒሳቡ እንነሳ። 1,000 ቤቶች አሉ እንበል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ 500 ሺህ ነው፤ በዓመት በአማካይ ሁለቱ ይቃጠላሉ። ጠቅላላ ኪሳራው 1 ሚሊዮን ስለሆነ ለአንድ ቤት 1,000 ይደርሰዋል። የሥራ ማስኬጃ፣ መጠባበቂያና ትርፍ ሲታከልበት አረቦኑ፣ ማለትም መድን ገቢው የሚከፍለው ዋጋ፣ 1,500 ቢሆን አይገርምም። መድን ገቢዎች በጥቅሉ ሲታዩ ከሚቀበሉት በላይ ይከፍላሉ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይገባሉ? 1,500 በየዓመቱ መክፈል ኑሮ አያናጋም፤ 500 ሺህ በአንድ ሌሊት ማጣት ግን ያናጋል። ከኪስ ሊሸፈን ለሚችል ጥቃቅን ጉዳት መድን መግባት ብዙም የማያዋጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው መድን ሰጪው የሚረከበውን አደጋ በትክክል ካወቀ ነው። ነዳጅ የሚያከማችበትን ቤት «መኖሪያ ብቻ» ብሎ ቅጹ ላይ የሚሞላ ሰው የራሱን አደጋ በሌሎቹ ላይ ይጭናል። አረቦኑ ሲንር ጥንቁቆቹ ይወጣሉ፣ አስጊዎቹ ይቀራሉ፣ አረቦኑም እንደገና ይጨምራል። ሕጉ ፍጹም ቅንነት፣ ማለትም ስለ አደጋው የሚያውቁትን ሳይደብቁ መናገርን፣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ግዴታው ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1766 እንግሊዝ ውስጥ በተወሰነው የካርተርና የቦህም ክርክር፣ ካርተር ሱማትራ ላይ ያለ ምሽግ አስተዳዳሪ ነበር። ምሽጉን ፈረንሳዮች ሲይዙት መድን ሰጪው ቦህም «የምሽጉን ደካማነት ደብቀኸኛል» ብሎ አልከፍልም አለ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ የቅንነትን መርህ አጸኑ፤ የፈረዱት ግን ለካርተር ነው፤ መድን ሰጪው የሚያውቀውን ወይም ሊያውቅ የሚገባውን ነገር መንገር አያስፈልግም ብለው። መርሁን የሚጠቅሱ ብዙዎች ማን እንደረታ ይዘነጉታል።

መደበቅ አንዱ ወጥመድ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። 800 ሺህ የሚያወጣ ማሽን በ600 ሺህ ተመዘገበ እንበል። የ200 ሺህ ጉዳት ሲደርስ ባለቤቱ «ከ600 በታች ነውና ሙሉውን አገኛለሁ» ይላል። የመድን ውሉ ላይ ካሳውን በተመዘገበው ዋጋ ልክ የሚቀንስ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ካለ ግን 600 ለ800 ተካፍሎ በ200 ሺህ ይባዛል፤ የሚከፈለው 150 ሺህ ነው። መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው 10 ሺህ ካለ ደግሞ 140 ሺህ ይቀራል። ሆን ብሎ ያሳነሰ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የዕቃ ዋጋ እየናረ ውሉን በድሮው መጠን የሚያሳድስም እዚያው ይወድቃል። አስበልጦ ማስመዝገብም ትርፍ የለውም፤ የንብረት መድን የደረሰውን ጉዳት ይክሳል እንጂ አያበለጽግም።

ወደ ሥራ ውል ስንመጣ ጥያቄው «ሠራተኛ ማነው?» ወደሚለው ይቀየራል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 የሥራ ላይ አደጋ መድንን በሕግ ስትደነግግ መሠረቱ ይህ ነበር፦ ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅበት ካሳ ያገኛል፤ በምላሹ አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱ ይጠባል። ብዙ አገሮች ይህን ፈለግ ተከትለዋል። ሽፋኑ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው «ሠራተኛ» ለሚባል ሰው ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ አሠሪ ወጣቱን «ተቋራጭ»፣ ማለትም ለራሱ የሚሠራ፣ ብሎ የሚያስፈርመው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198 ከወረቀቱ ስም ይልቅ የሥራው እውነታ እንዲታይ ይላል። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? መሣሪያው የማነው? በእናንተ ፈንታ ሌላ ሰው መላክ ትችላላችሁ? ክፍያው በየወሩ ነው ወይስ ሥራው ሲያልቅ? እነዚህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ የውሉንም ቅጂ ያዙ። ጉዳት ከደረሰ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያየውን ሰው ስም አስፍሩ፤ መቀበላቸውን የሚያሳይ ፊርማም በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስቀምጡ። በቃል የተነገረ አደጋ ከሁለት ወር በኋላ «አልሰማንም» ይባላል።

አመሰግናለሁ።