የትኛው ነጻ?

“አንቺ” አለኝ እኮ።

ቆይ፣ ሰላም እንኳን አላልኩም። ሰላም ናችሁ? ወንበሯ ዛሬም ትጮሃለች፣ አውቃለሁ፣ አትጻፉልኝ። ዘይት አድርጌባታለሁ። ባሰባት።

ለቁጠባዬ አማካሪ ልይዝ ነው ብያችሁ አልነበር? እህቴ ሦስት ወር ሙሉ ስትነዘንዘኝ። በቃ፣ ያዝኩ። ማለቴ ሁለት ሰው አነጋገርኩና አንዷን ያዝኩ። ትክክለኛዋን ይመስለኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያልያዝኩት ሰውዬ ነው።

ሰውዬው የአንድ ድርጅት ነው። የዚያን ድርጅት የቁጠባ ውሎች ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ሌላ ልምከር ቢልም አይችልም። ሴትዮዋ ደግሞ ገለልተኛ ናት። ከማንም ጋር አልታሰረችም፣ ከገበያው ሁሉ አወዳድራ ትመርጣለች። በኛ ቋንቋ ነገሩ ያስቃል። የሰውዬው ምክር በነጻ ነው፣ እሱ ግን ነጻ አይደለም። ሴትዮዋ ነጻ ናት፣ ግን በነጻ አትሠራም። ይህችን ቀልድ ለእህቴ ስነግራት አልሳቀችም። “ሁለቱንም የምትከፍያቸው አንቺ ነሽ” አለችኝ። እሷ እንደዚህ ናት።

ልክ ናት ግን። የሰውዬው ምክር በነጻ የሚመስለው ሲቆረጥብኝ ስለማላይ ነው። ውል በሸጠ ቁጥር የሚያገኘውን ኮሚሽን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፣ ድርጅቱ ደግሞ በየዓመቱ ከእኔ ከሚቆርጠው ላይ ያወጣዋል። አንድ ከመቶ ምን አላት ትላላችሁ? እኔም እንዲያ ነበር የምለው። በስልኬ አሰላሁት። 100,000 ለ25 ዓመት ይቀመጥ፣ በዓመት 6 በመቶ ይደግ። 429,000 ገደማ ይሆናል። ያችን አንድ ከመቶ ቀንሱና በ5 አስሉት። 339,000 ገደማ። በመካከሉ 90,000 ጠፋ! መጀመሪያ ያስቀመጥኩትን ሊያክል ምንም አልቀረው። ስልኩ ተሳስቶ ነው ብዬ ደግሜ አሰላሁ። ስልኩ አልተሳሳተም።

እና ይህን ሒሳብ ይዤ ነው የሄድኩት። ለጠብ ተዘጋጅቼ።

ሰውዬው ጨዋ ነው። ከገባሁ ጀምሮ እርስዎ፣ እርስዎ ይለኛል። ሦስት ወረቀት ዘረጋልኝ፣ አራተኛው ቅጹ ነው። ስሜን አስቀድሞ ጽፎበታል፣ አንድ ፊደል ገድፎ። ቀዩን ደብተሬን አወጣሁ። አዎ፣ ያንኑ ደብተር።

“ካልፈረምኩ ለዛሬው ድካምዎ የሚከፍልዎ አለ?”

“የለም” አለ። ሳይሽኮረመም።

“ሌላ ቤት የተሻለ ቢኖርስ ይነግሩኛል?”

“ስለ ሌላው ለማማከር ፈቃድ የለኝም።”

ይኸው፣ እውነቱን ነገረኝ። እኔ ግን ያዝኩት ብዬ በደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ደብተሩ ላይ አልነበረም። እንዲያው ከአፌ አመለጠኝ።

“እርስዎ ራስዎ ይገዙታል?”

ዝም አለ። የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ። አንዱ መዳፉ ቅጹ ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እኔ ብድር አለብኝ። መጀመሪያ እሱን ነው የምከፍለው” አለ። ቀና ብሎ አየኝ። “አንቺስ? ብድር የለብሽም?”

አንቺ።

አለብኝ። እንዳለብኝ ታውቃላችሁ። ያ ነገር ገና አላለቀም። ወለዱ 11 በመቶ ነው። ውሉ ደግሞ ቢቀናው 6 ያመጣ ይሆናል። በ11 እየተበደሩ 6 ለሚያመጣ ማጠራቀም፣ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መሙላት ነው። ይህንን እኔ ራሴ ማሰብ አልነበረብኝም? 25 ዓመት ድረስ አስልቼ የሄድኩ ሰውዬ... ሴትዮ።

አሁን እስቲ ንገሩኝ። አመለጠው? አንድ ሰከንድ ሻጭነቱን ረስቶ እንደ ወንድም አናገረኝ? ወይስ ስልጠና ላይ የሚያስተምሩት ዘዴ ነው? ደንበኛው ሲጠነክርብህ ከራስህ ገመና አንድ ነገር ጣል አድርግለት፣ ያምንሃል። ይኖራል እኮ እንዲህ ያለ ነገር። ደግሞ መዳፉ። መዳፉ ከቅጹ ላይ አልተነሳም። መጀመሪያ “እስክፈርም ይዞልኝ ነው” አልኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ደግሞ፣ እንዳልፈርም ይዞብኝስ ቢሆን?

“ላስብበት” ብዬ ተነሳሁ። ደረጃውን ስወርድ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እህቴ ጋ ደውዬ “አልተሸወድኩም” አልኳት። ከማን ነው ያመለጥኩት? እንጃ።

ገለልተኛዋ ጥሩ ናት፣ ስሟን በከንቱ አላነሳም። ክፍያዋን ገና ሳንጀምር በጽሑፍ ሰጠችኝ። የብድር ወረቀቴን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጠየቀችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 14 ገጽ ላከችልኝ። ገጽ 9 ላይ ምን ይላል? ቅድሚያ ብድርዎን ይክፈሉ።

ለገጽ 9 ከፈልኩ፣ ወገኖቼ።

አይ፣ እንደዚህ ማለት ልክ አይደለም። ሌሎቹም ገጾች አሉ። ደግሞ እሷ ቁርጥ ያለ ክፍያ ነው የምትወስደው። አንዳንድ ገለልተኞች ከሚያስተዳድሩት ገንዘብ በመቶኛ ነው የሚከፈላቸው። ለእንደዚያ ያለው ብድሬን ከፈልኩ ማለት ድርሻው ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ስለተባለ ብቻ... ገለልተኛ ከምን? መጠየቅ ነው።

በብሪታንያ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በኢንቨስትመንት የሚያማክር ሰው ከሻጩ ድርጅት ኮሚሽን እንዳይቀበል ተከልክሏል። ኔዘርላንድስም በ2013 እና በ2014 በየተራ ከለከለች። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ፣ ራሱን ገለልተኛ ነኝ ብሎ የሚያማክር ኮሚሽን ወስዶ ለራሱ ማስቀረት አይችልም። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሕጉ የሰውን ልብ ልመርምር አላለም፣ ገንዘቡ የሚመጣበትን በር ነው የቀየረው። ልብማ በምን ይታያል? እኔ አንድ መዳፍ ማንበብ አቅቶኝ ይኸው ስለፈልፍ።

ብትጠይቁኝ ገለልተኛውን ያዙ እላለሁ። ቁርጥ የሚያስከፍለውን። ይመስለኛል። ግን ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ያን ክፍያ ከየት ያምጣው? እንዲህ ያለው ሰው የሚያገኘው ያንኑ በነጻ የሚያማክረውን ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ እንደኔው ሰውዬ ዝም ብሎ፣ ክዳን ከፍቶ ዘግቶ፣ እውነቱን ከነገረው... ካልነገረውስ?

እኔን የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ። አላመሰገንኩትም። ዘዴም ይሁን፣ ምክሩ ልክ ነበረ። ካልፈረምኩ እንደማይከፈለው ደግሞ ነግሮኛል፣ ምልክት አድርጌበታለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ተቀምጦ ባዶ እጁን ነው የቀረው።

ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር። አላነሳሁም። ከዚያ መልእክት ላከ፣ ቆይ ላንብብላችሁ... “እንደምን ሰነበቱ? ጉዳዩን አሰቡበት?”

ሰነበቱ። አሰቡበት።

ወደ እርስዎ ተመልሷል። ይህንን እንዴት ልውሰደው? ብድሩን ጀምሬአለሁ ብዬ ልጻፍለት ብዬ ስልኩን አነሳሁ። “ሰላም” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አንተ ልበለው እርስዎ ልበለው ስል...

ሰማችኋት? ወንበሯን። እኔ እኮ አልተንቀሳቀስኩም።